ለሁለት ሴት ልጆች የተሠራው ሰሌዳ

በዚህ እትም ስለ በረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ መጻፋችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ዶሮ ማነቂያ ሳለን የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ወዲያው ውሃ የሚሆነውን ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችን ልጆችና እህቶች ዛሬ ብርድ አገር ናቸው። ከእነሱ አንዷ «ስኖውቦርድ ልገዛ ነው፤ የሴት የሚባለውን ልውሰድ ወይስ የወንድ?» ብላ ጠየቀችን። ታሪኩን ስናይ ጉዳዩ የእኛም ሆኖ አገኘነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 በገና ዕለት፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጋጥሞ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራ። ልጆቹ ቆመውበት ቁልቁል ተንሸራተቱ። ባለቤቱ ናንሲ «ስነርፈር» አለችው፤ በረዶንና በባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተትን ያጣመረ ስም ነው። እንግዲህ ለሴት ልጆች የተሠራ፣ ስሙንም ሴት ያወጣችለት ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር በስሙ ድርጅት አቋቁሞ ማምረት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ገበያው ሲሰፋ ግን ልኩ የወንድ ሆነ። ሴቶች ከወንዶቹ ሰሌዳ አጠር ያለውን እየፈለጉ ኖሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው ሻነን ደን እና ቲና ባሲች ስማቸውን የያዘ፣ ለሴት የታሰበ ሰሌዳ የወጣላቸው። እነዚሁ ሴቶች ጓደኛቸው በጡት ካንሰር ስትታመም እ.ኤ.አ. በ1996 ከሌሎች ጋር ሆነው የመረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ (ይህን ስናነብ ደስ አለን)። ደን እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘች።

ልዩነቱ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ሰሌዳ የሚታዘዘው በጣትና በተረከዝ ጫና ነው። ወገቡ ለእግር ከሰፋ ለማዞር ጉልበት ይበላል፤ ከጠበበ ደግሞ የጫማው ጫፍ በረዶውን ይቧጥጥና ይጥላል። የሴቶቹ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንዶቹ 25 እና ከዚያ በላይ። ተራራውን ሁሉ ለመውረድም ለመዝለልም የሚሆነው ዓይነት፣ ኦል ማውንቴን ፍሪስታይል የሚሉት፣ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ወይም ለእኩል የቀረቡ፣ መተጣጠፉም መካከለኛ ነው፤ ከ1 እስከ 10 በሚሰጠው ደረጃ ከ4 እስከ 6 ያለው ማለት ነው። ርዝመቱን ከቁመቷ ይልቅ ክብደቷ ይወስናል። ጠያቂያችን እግሯ 42 ነው። ስለዚህ «የሴት» የሚለውን ጽሑፍ ትታ ጫማዋን ይዛ ሄዳ ሰሌዳው ላይ ትለካው፤ ከጠርዙ በየጎኑ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ችግር የለውም። የወንድ ሰሌዳ ቢስማማት ያንኑ ትውሰድ።

በአገራችን በበረዶ ስፖርት ታሪክ ያለው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሰሌዳ ላይ የቆሙ ሴቶችን ለማየት ግን እዚሁ አዲስ አበባ አስፋልቱን ማየት ይበቃል። እኛ በልጅነታችን የኩሽኔታ ጋሪ የወንዶች ነበር፤ እኛ ከዳር ቆመን እናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ስኬተሮች ቡድን ልጆች ግን ራሳቸው ይነዳሉ።

ለጋሾቻችን ይህን እንድታነቡልን የፈለግነው ለዚህ ነው። ባለፈው ከአንድ በጎ አድራጊ የደረሰን የሥራ ቦት ጫማ ሁሉም 43 እና ከዚያ በላይ ነበር። አመሰገንን፤ ጨርቅ እየጠቀጠቅን አደረግነው፤ ሁለት እህቶች ግን ቁልቁለት ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ በየአቅጣጫው ከተበተንን ወዲህ የአባላትን ልክ መሰብሰብ ከባድ ቢሆንም አሁን ጨርሰናል። አብዛኛው ከ36 እስከ 39 ነው፤ ዝርዝሩን በመጨረሻው ገጽ አውጥተነዋል።