በሰባተኛ ክፍል ደጃፍ፦ የፊዚካል ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ታሪክ ከከፋ ሲታይ



የሥርዓተ ትምህርታችን ታሪክ ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው የእርከኖቹ ቁጥር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነበር፤ ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነ፤ አሁን ደግሞ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመልሰናል። እኔ ዛሬ ላተኩርበት የምወደው ግን በሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ነው። ብዙ ልጅ ፊዚካል ሳይንስን የሚወድደውም የሚሸሸውም ያኔ ነው የሚል እምነት አለኝ።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሚዛኑ ወደ ቋንቋ ያደላ ነበር። መንግሥት በቅድሚያ የፈለገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ስለነበረ ይህ አያስገርምም። ከነጻነት በኋላ ሳይንስ ቦታውን እያሰፋ ሄደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የመላው አንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ። የዚህ ውሳኔ ውጤት እስከ ዛሬ አብሮን አለ፤ ተማሪው አዲስ የዕውቀት ዘርፍና አዲስ የማስተማሪያ ቋንቋን በአንድ ዓመት፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዲገናኝ ሆነ።

ወደ ከፋ ስንመጣ ጉዳዩ ይወሳሰባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ከፊ-ሞቻ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ወደ አንደኛ ደረጃ ገባ። የክልሉና የቢሮው ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ። ስለዚህ የቦንጋ ልጅ ስለ አንድ ኩባያ ውሃ ለማሰብ ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል ያቋርጣል። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ጥናቱ የተደነቀውን ያህል በተግባር ተተርጉሟል ለማለት ይከብደኛል።

ቋንቋውን መቀየር ብቻውን ግን ችግሩን አይፈታም። አማርኛ አፍ የፈታበትን ልጅ እንውሰድ። «የስበት ኃይል»፣ «የፀሐይ ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል» እንላለን። በፊዚክስ ዓይን የመጀመሪያው ፎርስ ነው፣ ሁለተኛው ኢነርጂ፣ ሦስተኛው ፓወር፤ የሚለኩትም በኒውተን፣ በጁል፣ በዋት ነው። ልጁ ግን የሚሰማው አንድ ቃል ነው። ገበያ ሄዶም ቡና በኪሎ ሲመዘን «ክብደቱ ስንት ነው?» ሲባል ይሰማል። በማግሥቱ መምህሩ ኪሎግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ እንጂ የክብደት አይደለም ይለዋል። መምህሩ ትክክል ነው፤ ነጋዴዋም በሥራዋ ትክክል ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ጊዜ ወስዶ ማሳየት የመግቢያው ትምህርት ዋና ሥራ መሆን ነበረበት። እኛ ግን በብዛት ትርጓሜ አስገልብጠን አልፈናል።

በ1986ቱ ፖሊሲ ሥር በወጣው ሥርዓተ ትምህርት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ፣ በአምስተኛና በስድስተኛ የተቀናጀ ሳይንስ ይሰጥ ነበር፤ ሰባተኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይለያያሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እነዚህን ሦስቱን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል «አጠቃላይ ሳይንስ» ብሎ አንድ አድርጓቸዋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ቆጮ ሲብላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ የጫካ ማር በብርድ ሲረጋ ተፈጥሮ በትምህርት ክፍል አትከፋፈልም። ነገር ግን ኬሚስትሪን ብቻ ተምሮ የተመረቀ መምህር ስለ ሕዋስም ስለ ሥርዓተ ፀሐይም እንዲያስተምር ሲመደብ፣ ውህደቱ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ብቻ እንዳይቀር እሠጋለሁ። ይህ ደግሞ መምህራንን የምናሠለጥነውን የእኛን በር የሚያንኳኳ ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። መማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላሉ፤ በባሕር ጠለል ላይ ይህ እውነት ነው። ቦንጋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር በእጁ የያዘ የሰባተኛ ክፍል ልጅ 94 ሲያነብ ሁለት መንገድ አለው፤ አንድም መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ የመጽሐፉን 100 በደብተሩ ይጽፋል፣ አሊያም ለምን ይላል። ከሁለተኛው ጥያቄ ግፊት፣ ሙቀት፣ የቁስ አካል ሁኔታና የልኬት ስሕተት አንድ በአንድ ይመዘዛሉ። የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ድስትና አንድ ቴርሞሜትር ነው፤ በሦስቱም ቋንቋዎች ቁጥሩ 94 ነው።

ከእናንተ መካከል በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየወረዳው የምትወጡ አላችሁ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ይህን ሙከራ ራሳችሁ አድርጉት፤ ልኬታችሁን፣ የቦታውን ከፍታና ልጆቹ የጠየቁትን ጽፋችሁ አምጡልኝ። ጥያቄዎቹን ልጆቹ በተናገሩበት ቋንቋ እንዳለ ጻፉልኝ።