ቆሞ የሚፈስ ደመና፦ ቤርግሶን ያላስተዋለው ሙከራ

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦንሪ ቤርግሶን በ1907 ባሳተመው «ፈጣሪ ዝግመተ ለውጥ» በተሰኘው መጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ሲኒማን ከስሶ ፈርዶበታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ክሱ ከሆነ ካሜራ የሚለቅመው የቆሙ ምስሎችን ብቻ ነው። እንቅስቃሴው ያለው በመሣሪያው ውስጥ እንጂ በምስሎቹ ውስጥ አይደለም። የሰው አእምሮም የማይቆራረጠውን ጊዜ ከታትፎ መልሶ ሲቀጥል የሚሠራው ይህንኑ ስሕተት ነው። የፍርዱ ጥላ ዛሬም በታይምላፕስ (በፋታ የተነሡ ምስሎችን አፍጥኖ በሚያሳይ ቀረጻ) ላይ እንዳጠላ ነው። ደመና ሲግተለተል፣ ጥላ በሸለቆ ላይ ሲሮጥ፣ ከዋክብት በተራራ ጫፍ ሲዞሩ የሚያሳዩት ፊልሞች የሚማርኩት ተመልካቹ በጊዜ ላይ የሠለጠነ ስለሚመስለው ነው፤ ደስታውም የጥድፊያ ደስታ ነው ይባላል።

ይህ መጣጥፍ በዚህ አይስማማም። የታይምላፕስ ማራኪነት ቀርፋፋውን ነገር በማፍጠኑ ላይ አይደለም። ቆሞ የሚታየን ነገር በእርግጥ እየፈሰሰ መሆኑን በዓይን ማሳየቱ ላይ ነው። ለዚህ ዋናው ምስክር ደግሞ በፊልም ፍልስፍና ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ አንድ ጃፓናዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው።

ቀዳሚው ታሪክ ብዙ አያከራክርም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፕፌፈር ከ1898 እስከ 1900 በላይፕሲግ የተክሎችን እንቅስቃሴ በታይምላፕስ ቀረጸ። በ1901 ኒውዮርክ ውስጥ የስታር ቲያትር ሕንፃ ሲፈርስ በየአራት ደቂቃው አንድ ምስል ተነሣ። እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ በ1910 የአበቦችን መፈንዳት ለሕዝብ አሳየ። በጂኦሎጂ የተማረው አርኖልድ ፋንክም በ1924 በስዊዘርላንድ የማሎያ መተላለፊያ እንደ እባብ የሚሳበውን ደመና ፊልም አደረገው። ከዚያ እስከ ጎድፍሬይ ሬጂዮ ፊልም «ኮያኒስካትሲ» (1982) እና እስከ ካሜራ ባለሙያው ሮን ፍሪክ ያለው መንገድ በየመጽሐፉ ተጽፏልና እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ሙግቱ የሚጀምረው ከቤርግሶን ሁለት ሐሳቦች ነው። አንደኛው የስኳሩ ምሳሌ ነው፦ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት የፈለገ ሰው ስኳሩ እስኪሟሟ መጠበቅ አለበት። ይህ መጠበቅ በቀመር የሚለካ ጊዜ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ የሚኖረው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ይበልጥ ደፋር ነው። የዓለም ሂደት ሁሉ በአንድ ላይ እጅግ ቢፈጥን በሳይንቲስቱ ቀመሮች ላይ አንዳች የሚለወጥ ነገር የለም፤ ለውጡን የሚያውቀው ንቃተ ኅሊና ብቻ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ዓለም ፈጥኖ ንቃተ ኅሊና በራሱ ፍጥነት የሚቀርበት ሁኔታ ታይምላፕስ ራሱ ነውና! ተራራው፣ ደመናው፣ ጥላው ይፈጥናሉ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካች ትንፋሹም የልብ ትርታውም አይፈጥንም። ቤርግሶን በሐሳቡ የሠራው ሙከራ መጽሐፉ ከመውጣቱ ከሰባት ዓመት በፊት በላይፕሲግ በተግባር ተሠርቶ ነበር። ፈላስፋው ግን ሲኒማን የመረመረው በሚሰለፍ ክፍለ ጦር ምሳሌ ነው። በዚያ ምሳሌ የመቅረጫውና የማሳያው ፍጥነት እኩል ስለሆነ በምስሎቹ መካከል ያለው ፋታ ተደብቆ ይቀራል። በታይምላፕስ ግን ፋታው ሁሉን ይወስናል። በየአሥር ሰከንዱ የተነሡ ፎቶዎች በሰከንድ 24 ሆነው ሲታዩ አንድ ሰዓት በ15 ሰከንድ ያልፋል። ማሳያው ሳይለወጥ ፋታው ብቻ ቢለወጥ ሌላ ፊልም ይገኛል። እንቅስቃሴው በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ምስክሩ ማሳናዎ አቤ ይባላል። በ1927 ጎቴምባ በተባለ ቦታ፣ 3,776 ሜትር ከፍታ ካለው የፉጂ ተራራ ፊት ለፊት የደመናና የአየር ሞገድ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁሞ፣ በተራራው ዙሪያ የሚፈጠሩትን ደመናዎች ለ15 ዓመታት ያህል በፎቶና በፊልም መዘገበ። የአካባቢው ሰዎች ፉጂ የደመና ቆብ ሲደፋ ዝናብ ይመጣል ይላሉ። ይህ ቆብ ለዓይን ለሰዓታት ከቦታው ንቅንቅ የማይል ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ነፋስ ተራራውን ሲገፋ አየሩ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ጠብታ ይሆናል። በማዶ በኩል ሲወርድ ይሞቃል፣ ጠብታውም መልሶ ይተናል። ደመናው በአንድ ጠርዙ ያለማቋረጥ ይወለዳል፣ በሌላው ያለማቋረጥ ይጠፋል፤ ቅርጹ ይቆያል እንጂ ውሃው አይቆይም።

አቤ የፈለገው የማይታየውን የአየር ፍሰት በደመናው አማካይነት ማየት ነበር። የቆመ ፎቶ ቆብ ብቻ ያሳያል፤ በዓይን የሚታዘብ ሰውም የሚያየው ቆብ ነው። ፋታው በትክክል ሲመረጥ ግን ቆቡ ወራጅ ይሆናል። ከቆሙ ምስሎች ተቀጥሎ የተሠራው ፊልም ዓይን በስሕተት ያቆመውን ነገር መልሶ ያፈሰዋል። ቤርግሶን ለሲኒማ የሰጠው ጥፋት እዚህ የዓይን ጥፋት ሆኖ ይገኛል፤ አራሚው ደግሞ ተከሳሹ ነው።

የቤርግሶን ጠበቆች ፈላስፋው በ1914 ለአንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ ሲኒማ ለዘብ ብሎ ተናግሯል ይላሉ። የጋዜጣ ወግ የአንድ ሙሉ ምዕራፍ ሙግት አይሽርም። ፈላስፋው ጂል ደለዝም በ1983 ቤርግሶንን በራሱ በቤርግሶን ለማረም ሞክሯል፤ ነገር ግን ትኩረቱ በካሜራ መንቀሳቀስና በቅንብር ላይ እንጂ ቆሞ በሚጠብቅ ካሜራ ላይ አይደለም። ወደ ነጥቡ ይበልጥ የቀረበው በ1946 ስለ ሲኒማ «አስተውሎት» የጻፈው ፊልም ሠሪው ዣን ኤፕሽታይን ነው፤ እሱም ቢሆን ከአቤ ጋር አልተገናኘም።

ሌላው መቃወሚያ ከበረዶ ይመጣል። ፎቶ አንሺው ጄምስ ባሎግ በ2007 በጀመረው ሥራ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በአላስካ የተተከሉት ካሜራዎች የበረዶ ግግሮችን ማፈግፈግ ለዓመታት መዘገቡ፤ ተመልካቹን የያዘው ግን የጥፋት ድንጋጤ ነው ይባላል። ድንጋጤው አይካድም። ነገር ግን «ቼዚንግ አይስ» (2012) በተሰኘው ፊልም ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። በግንቦት 2008 በግሪንላንድ፣ ኢሉሊሳት የ75 ደቂቃ የበረዶ መገንደስ ታየ፤ ይህን በስፍራው የቆመ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነበር። የግግሩን ማፈግፈግ ግን ያለ ታይምላፕስ ማንም ቆሞ ሊያየው አይችልም። የመጀመሪያው ያስደነግጣል፤ የሁለተኛው ጉልበት ዐለት የመሰለው ነገር ወንዝ ሆኖ መገኘቱ ነው።

እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱ ታይምላፕስ ይህ ክብር አይገባውም፤ ይህ ጽሑፍም የመጨረሻው ቃል አይደለም። ከ2014 ጀምሮ የአይፎን ስልኮች ይህን ቀረጻ በአንድ ቁልፍ ይሠራሉ፤ ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ፋታውን ራሳቸው እያሰፉ ፊልሙን አጭር ያደርጉታል። ስልኩ ፋታውን የሚመርጠው ቀረጻው የፈጀውን ጊዜ አይቶ እንጂ ደመናውን አይቶ አይደለም፤ የጥድፊያ ደስታ የሚለው ወቀሳ በትክክል የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ጥበብ የሚሠሩም ሆኑ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰዎች የቦታውንና የባለሙያውን ስም እንደሚጽፉ ሁሉ፣ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ ወይም ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ከሥራቸው ጋር ይጻፉ።