«ሴክሲዝም»፦ የአንድ ቃል ታሪክና ትርጉም

አንዳንድ ቃል ከነገሩ ጋር አብሮ ይወለዳል፤ ባቡር ሲመጣ ስሙም አብሮት ይመጣል። ሌላው ቃል ግን ነገሩ ለብዙ ዘመናት ከኖረ በኋላ ዘግይቶ ይፈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ሴክሲዝም» ከሁለተኛው ወገን ነው። ሰውን በሴትነቱ ወይም በወንድነቱ ብቻ ማሳነስ ወይም ማላቅ ጥንታዊ ልማድ ሲሆን፣ ቃሉ ግን የስድሳ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው።

የቃሉ አፈጣጠር

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሬሲዝም»፣ ማለትም ዘረኝነት፣ የሚለው ቃል የተስፋፋው በ1930ዎቹ የናዚ ጀርመን የዘር ፖሊሲ ሲወገዝ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ይህን ቃል ይበልጥ አሳወቀው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቅጥር ረገድ በዘር ብቻ ሳይሆን በጾታም ማበላለጥን ከለከለ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በደል የታወቀ ስም ሲኖረው ሁለተኛው አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1965፣ በፔንሲልቫኒያ በሚገኘውና በዚያን ጊዜ ወንዶችን ብቻ ይቀበል በነበረው የፍራንክሊንና ማርሻል ኮሌጅ፣ ፖሊን ሊት የተባሉ የኮሌጁ ባልደረባ በተማሪዎችና በመምህራን ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። የመልእክታቸው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ጥሩ ግጥም የጻፉ ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ ሴቶችን ጨርሶ ማግለል ተገቢ ነው የሚል ሰው፣ አስተሳሰቡ ከዘረኛው አስተሳሰብ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ያለፈው ታሪክ እንዳልነበረ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱም ከጉዳዩ ጋር በማይገናኝ ነገር የሰውን ዋጋ ይተምናሉ። ሊት እንዲህ ያለውን ሰው «ሴክሲስት» አሉት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ደራሲዋ ካሮላይን በርድ ባደረጉትና በዚያው ዓመት በታተመው ንግግራቸው «ሴክሲዝም» የሚለውን ቃል ተጠቅመው ፍች ሰጡት፤ ጾታ ቁም ነገር በማይሆንበት ጉዳይ ሰውን በጾታው መመዘን ማለት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ቃሉ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1974 ማግሮው ሂል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት በመጻሕፍቱ ውስጥ ሴቶችና ወንዶች በእኩልነት እንዲቀርቡ ለደራሲዎቹ መመሪያ አወጣ።

ትርጉሙና አጠቃቀሙ

ቃሉን በትክክል ለመጠቀም ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ እነሱም ግምት፣ ድርጊትና ሥርዓት ናቸው።

ግምት ሳይመረምሩ የሚፈርዱት ፍርድ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም፤ እንዲያውም ማወቋን ተቀብሎ ውሳኔውን ይነፍጋታል። ስለዚህ መለኪያው ዕውቀት አለመሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ጎበዝ ሴትን «እሷ ወንድ ናት» ብሎ ማመስገንም ከዚሁ ይመደባል፤ ምስጋናው የሚሰጠው ሴትነቷን በመካድ ነውና።

ግምቱ በሥራ ሲገለጥ፣ ለምሳሌ ችሎታ እያላት ከሥራ ስትከለከል፣ ድርጊት ይሆናል። በሕግ ሲጸና ደግሞ ሥርዓት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሚስት በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ተጋቢዎችን በቤተሰቡ አመራር እኩል አደረጋቸው። ሕጉ በአዋጅ ተለወጠ፤ ተረቱ ግን በአዋጅ አይሻርም።

በአማርኛ ብዙውን ጊዜ የምንጠቀመው «የጾታ አድልዎ» የሚለውን ነው። ይህ አነጋገር ድርጊቱን በሚገባ ይገልጻል፤ ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለውን እምነት ግን አይገልጽም። «ዘረኝነት» ስንል እምነቱንም ድርጊቱንም እንረዳለን። በዚሁ አምሳል «ጾተኝነት» ብንል ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ትርጉሙ የተሟላ ይሆን ነበር። «ጾታ» ራሱ በግዕዝ ወገን፣ ክፍል ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ሲባል ካህናት፣ ወንዶችና ሴቶች ማለት መሆኑ ይታወቃል። ቃሉ መመደቢያ እንጂ ማዕረግ መስጫ አልነበረም።

የመምህሩ ድርሻ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ1981 የተቀበለችው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የማስወገድ ስምምነት፣ በአንቀጽ 10 የመማሪያ መጻሕፍትና የማስተማር ዘዴዎች ከዚህ ዓይነቱ የተዛባ አመለካከት እንዲጸዱ ይጠይቃል። ይህ ለመምህራን በቀጥታ የተሰጠ ሥራ ነው።

የካሮላይን በርድ መለኪያ ለክፍልም ያገለግላል። ጾታ ለጉዳዩ ቁም ነገር ነውን ብለን እንጠይቅ። መጥረጊያውን ለሴት ልጅ፣ የክፍል አለቅነቱን ለወንድ ልጅ ስንሰጥ፣ ከባዱን የፊዚክስ ጥያቄ ወደ ወንዶቹ መደዳ ስንወረውር፣ መልሱ ምንድን ነው? ወንዱንም «እንደ ሴት አታልቅስ» ስንለው ሁለቱንም በአንድ ቃል እንበድላለን። ልዩነትን ሁሉ ሴክሲዝም ማለት ግን ቃሉን ማርከስ ነው፤ ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ቤት መሥራት ጾታ ቁም ነገር በሆነበት ጉዳይ የተደረገ ተገቢ ሥራ ነው።

ስም የሌለው በደል እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል፤ ስም ሲያገኝ ግን ሊከራከሩበትና ሊያርሙት ይቻላል። ተማሪዎች ከቤታቸውና ከሰፈራቸው የሰሟቸውን ተረቶች ሰብስበው በዚህ መለኪያ ቢመረምሩ፣ የቃሉን ትርጉም ከመዝገበ ቃላት ይበልጥ ይረዱታል።