የሊቅ ባለታሪክ ዕዳ፤ በሸርሎክ ሆምስ ታሪክ ላይ የተመሠረተ አጭር ጥናት

ከሰው ሁሉ በላይ ብልህ የሆነ ባለታሪክ አንባቢን እንደሚስብ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይኸው ብልህነት ለደራሲውም ለአንባቢውም ዕዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ለማስረዳት የአርተር ኮናን ዶይልን መርማሪ ሸርሎክ ሆምስን እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሆምስ በመጀመሪያ የታየው በ1887 ሲሆን፣ ዝናው የገነነው ግን ከ1891 ጀምሮ አጫጭር ታሪኮቹ ስትራንድ በተባለው መጽሔት ሲወጡ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የተራኪው ነው። ሊቁ የሚያስበውን አንባቢ ወዲያው ካወቀ ምስጢሩ ያለጊዜው ይገለጣል። ስለዚህ ዶይል፣ ኤድጋር አለን ፖ በ1841 የጀመረውን መንገድ ተከትሎ፣ ዶክተር ዋትሰንን በመካከል አቆመ። ዋትሰን ያያል፤ ይደነቃል፤ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን የሚያገኘው በመጨረሻ ነው። በ1926 በወጡት ሁለት ታሪኮች ተራኪው ራሱ ሆምስ ሆነ፤ በአንደኛውም የዋትሰን አለመኖር እንደ ጎዳው ራሱ ያምናል።

ሁለተኛው ችግር የደራሲው ነው። ዶይል ይበልጥ የሚወደው የታሪክ ልብ ወለድን መጻፍ ነበር። ሆምስ አእምሮውን ከዚያ ስለ ሳበበት በታኅሣሥ 1893 በወጣው ታሪክ ገደለው። አንባቢዎች ግን አልተዉትም፤ በ1901 ከሞቱ በፊት የሆነ ነገር ጻፈ፤ በ1903ም ከሞት አተረፈው። በጠቅላላው 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ጻፈለት። ባለታሪኩ ጌታውን ገዛ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ችግር የአንባቢው ነው። ማስረጃው ከተደበቀበት አንባቢው አድናቂ እንጂ ተመራማሪ ሊሆን አይችልም። ይህን የተረዱ ደራሲዎች መድኃኒት ፈለጉ። ኤድመንድ ቤንትሊ በ1913 መርማሪው ማስረጃውን በሚገባ ሰብስቦ በፍርዱ የሚሳሳትበትን ልብ ወለድ አወጣ። ሮናልድ ኖክስም በ1929 ዐሥር ደንቦች ሲያወጣ፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢ እንዲያሳይ አዘዘ።

እርግጥ ሆምስ በእነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ሳይሸነፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይሁን እንጂ መንገዱ ያልታየ ዕውቀት ከጥንቆላ አይለይም። ይህ ፍርድ ለልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን፣ መልሱን እንጂ አካሄዱን ለማያሳይ የጥናት ጽሑፍም የሚሠራ ይመስለናል።