የጌሜሉስ አቤቱታ
ፓፒረስ፤ ካራኒስ፣ ግብፅ

ይህ በግሪክኛ የተጻፈ ሰነድ ጌሜሉስ ሆሪዮን የተባለ የካራኒስ ባለርስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ197 ዓ.ም. ለአውራጃው ሹም ያቀረበው አቤቱታ ነው። ጌሜሉስ የዓይኑ ብርሃን ደካማ ነበር። ዩሊየስ የተባለ ጎረቤቱ ከሚስቱና ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ወደ እርሻው ገብቶ በአራሹ ላይ ፅንስ እንደወረወረ ይናገራል። አራሹ በመተት ተይዣለሁ ብሎ ስለፈራ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ዩሊየስም አዝመራውን ወሰደ። ጌሜሉስ የመንደሩን ሽማግሌዎች ይዞ ሲመለስ ዩሊየስ ያንኑ ፅንስ በእነርሱ ፊት ዳግመኛ፣ አሁን በራሱ በጌሜሉስ ላይ ወረወረ፤ የቀረውንም እህል ሰብስቦ፣ ፅንሱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ሰነዱ የሮም አገዛዝ በገጠር እንዴት ይሠራ እንደነበር ከማንኛውም ሐውልት በላይ ያሳያል። ከመሬቱ ላይ ግብር የሚከፈለው በእህል ነበር፤ ስለዚህ አዝመራ የተቀማ ሰው ከመንግሥትም ዕዳ አያመልጥም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ድርጊቱን እንዲመሰክሩ ይጠራሉ፤ አቤቱታውም በጽሑፍ ወደ ሹሙ ይሄዳል።

ካራኒስ በፋዩም በረሃ ጠርዝ የነበረች፣ ቤቶቿ በጭቃ ጡብ የተሠሩ የገበሬ መንደር ናት። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1924 እስከ 1935 ባካሄደው ቁፋሮ፣ ደረቁ አፈር ያቆያቸው ፓፒረሶች፣ ቅርጫቶች፣ የእንጨት ዕቃዎችና የልጆች መጫወቻዎች ወጥተዋል። የመንደሯ መሐል ግን ለማዳበሪያ አፈር በሚዝቁ ሰዎች ቀድሞ ተቆፍሮ ጠፍቷል።