አፍንጫን መጎርጎር የሚያስከትለው የጤና ጉዳትና የነስር አያያዝ፦ ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች ነዋሪዎች

አፍንጫን በጣት መጎርጎር በአብዛኛው እንደ ነውር እንጂ እንደ ጤና ጉዳይ አይታይም። ይህ መረጃ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ዜጎች የልማዱን ጉዳት እንዲረዱና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለባቸው እንዲያውቁ የተዘጋጀ ነው።

የአፍንጫ የውስጥ ሽፋን ቀጭን ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ የፊተኛ ክፍል ላይ በርካታ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገናኛሉ። አብዛኛው ነስር የሚነሣው ከዚሁ ስፍራ ሲሆን ጣት በቀላሉ የሚደርሰውም እዚያው ነው። በወለጋ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ አየሩ ሲደርቅና አቧራ ሲበዛ ሽፋኑ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ያሳክካል፤ ሰውም ይጎረጉረዋል። በቆሎ የሚፈለፍሉ፣ ቡና የሚያሰጡና ጭስ በበዛበት ማድ ቤት የሚውሉ ወገኖች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ቁስሉ ሳይድን ደጋግሞ ሲነካ ነስሩ ይመላለሳል።

ሁለተኛው ጉዳት ተሐዋስያንን ይመለከታል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከ3 ጤነኛ ሰዎች በ1ዱ አፍንጫ ውስጥ ገደማ ያለ ሕመም ይኖራል፤ በጥፍር የተላጠ ቦታ ሲያገኝ ግን ቁስልና ብጉንጅ ያስከትላል። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ የሚወጣ ብጉንጅ ፈጽሞ መፍረጥ የለበትም፤ የአካባቢው የደም ሥሮች ከአንጎል ግርጌ ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ለሕይወት አስጊ የሆነ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። ከእጅ ወደ አፍንጫ የሚደረገው መተላለፍም ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ በ219 የጤና ባለሙያዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ አፍንጫቸውን ከሚጎረጉሩት 17 በመቶ ያህሉ፣ ከማይጎረጉሩት ደግሞ 6 በመቶ ያህሉ በኮቪድ-19 መያዛቸውን አሳይቷል። የማይጎረጉሩት ቁጥር ጥቂት ስለነበር ጥናቱ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ለምን እንደሚመከር ያስታውሳል።

ነስር ሲያጋጥም ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳ የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ጨብጦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝና በአፍ መተንፈስ ይገባል። ራስን ወደ ኋላ ማጋደል በስፋት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ያስመልሳል፣ ትንፋሽንም ሊያውክ ይችላል። ደሙ ከቆመ በኋላ አፍንጫን ለጥቂት ቀናት አለመነካካት፣ ጥፍርን ማሳጠርና መግቢያውን በስሱ ቫዝሊን መቀባት ይመከራል።

ነስር ሁሉ ግን ከጣት አይመጣም። ካልተጠበቀ ምንጭ ወይም ወራጅ ውኃ በሚጠጣበት አካባቢ አልቅት በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ለቀናት ደም ሊመጥ ይችላል። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚመላለስ ነስርና የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ መስሎ መሰማት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጎርጉረህ ነው» ብሎ መቅጣት ሕክምናውን ያዘገያል፤ የደም ማነስም ሊከተል ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ደግሞ ልጁ የበቆሎ ፍሬ፣ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ይችላል። አልቅትንም ሆነ ባዕድ ነገርን በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥጋን ስለሚያቃጥል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

በመጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ በነቀምቴ ወደሚገኙት የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን ሊይዙ ይገባል። ከ30 ደቂቃ በላይ የማይቆም ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ነስር፣ እንዲሁም ከማዞርና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚታይ ከሆነ፣ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። ለባለሙያው ደሙ ከየትኛው ቀዳዳ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ የደም ግፊት መኖሩንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወሰድ እንደሆነ መንገር ምርመራውን ያፋጥነዋል።