የጥንቸል ቤት፤ ከሮም ቅጥር እስከ መሪ ግቢ

የአገራችን ገበሬ ለሚያረባቸው እንስሳት ማደሪያ ሠርቶ ስም አውጥቶለታል። ለዶሮ ቆጥ፣ ለበግ ጉረኖ፣ ለከብት በረት፣ ለበቅሎ ጋጣ፣ ለንብ ቀፎ አለ። ለጥንቸል ግን ቤትም ስምም አልወጣላትም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተቆጥራለች፤ አትጫንም፣ አትታለብም። ስለዚህ ዛሬ በመሪ ለልጆቹ ጥንቸል የሚያመጣ አባወራ ከአባቶቹ የወረሰው ንድፍ የለውም።

የስሙ አንድነትም ያሳስታል። በደጋው ሜዳ የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ግልገሎቿም ጠጉር ለብሰው፣ ዐይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የለማዳዋ ዘር ግን መነሻው የኢቤሪያ ምድር ነው፤ ቆፋሪ ናት፤ ልጆቿም ዕራቁታቸውን፣ ዐይናቸው ሳይገለጥ ጉድጓድ ውስጥ ይወለዳሉ። እንግዲህ መሸሸጊያ የሌለው ቤት ለእርሷ ቤት አይደለም።

ይህን ቤት አስመልክቶ ከተጻፉት ጥንታዊ መመሪያዎች አንዱ የሮማዊው የቫሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ግድም ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቅጥሩ ድመትና መሰል አውሬ እንዳይገባበት በልስን የተለሰነ፣ ተኩላም እንዳይዘለው ከፍ ያለ እንዲሆን አዟል። ፕሊኒም የቫሮን ቃል ጠቅሶ፣ በእስፓንያ አንዲት ከተማ ጥንቸሎች ሥሯን ቆፍረው እንዳናጓት ጽፏል። ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ስለ መሠረት የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አይገኝም።

ዛሬ የተለመደው ጠባብ የእንጨት ሣጥን የመጣው ግን ከዚህ ሰፊ ቅጥር አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ ከተሞች ሠራተኛው ሕዝብ በጠባብ ጓሮው ጥንቸልን ለሥጋ ሲያረባ የተስፋፋ ነው። እንስሳዋ ለጥቂት ወራት ብቻ ትቆይ ስለነበር ጥበቱ እንደ ጉድለት አልታየም። ለማዳ ጥንቸል ግን ስምንትና ዐሥር ዓመት ትኖራለች። ሥጋዋን የማይበላ ኅብረተሰብ የሥጋ ሣጥን የሚወርስበት ምክንያት የለም።

የመሪ አየር ለጥንቸል የተመቸ ነው። ብርድን በጠጉሯ ትችላለች፤ ላብ ስለማታልብ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሕይወቷ ያሰጋል። ስለሆነም የመሪ ሌሊት ሳይሆን የቀትር ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ጠላቷ ነው፤ ሁለተኛው የክረምት እርጥበት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣው ባሕር ዛፍ የሚገኘው አጠና ለቋሚና ለማገር ይበቃል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ይነጠፍና ድርቆሽ ይጎዝጎዝበት፤ የሽቦ ወለል መዳፏን ያቆስላል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ በአንድ ማዕዘን ጨለማ ጎጆ ይከለል። የመሮጫው ሽቦ መረብ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ከላይ ይከደን፤ እርሷም ቆፍራ እንዳትወጣ ጫፉ መሬት ውስጥ ይቀበር። በእንግሊዝ አገር የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች የሚመክረው 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ከፍታ ነው።

ቫሮ ቅጥሩን ያሰበው ከጠላት አንጻር ነበር፤ የሣጥኑ ሠሪ ከሥጋ አንጻር። መሪ ላይ ገና ስም ያልወጣለት ቤት ከነዋሪዋ ጠባይ ተነሥቶ ሊነደፍ ይችላል። ልምድ ባለመኖሩ የተገኘ ዕድል ይህ ነው።